የሸክላ ማጫወቻችንና የመሬት ሽቦ

አባታችን ትተውልን ካለፉት ዕቃ ሁሉ እኛ የመረጥነው የሸክላ ማጫወቻውን፥ አምፕሊፋየሩንና ሁለቱን ስፒከሮች ነበር። ከነሱም ጋር አንድ ሣጥን ሸክላ ደረሰን፤ በውስጡ አቶ አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ከመሠረቱት ድርጅት የወጡ፥ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች ይገኛሉ። ከመሥሪያ ቤት ስንመለስ ከነሱ አንዱን አስቀምጠን መስማት የቀኑን ድካም ያስረሳናል።

ነገር ግን ደስታችን ሙሉ አልነበረም። ዘፋኙ ትንፋሹን ለመሳብ ዝም ባለ ቍጥር ከበስተኋላው እንደ ንብ ቀፎ ያለ ድምፅ ይሰማል። ማቀዝቀዣው ሲነሣ ስፒከሩ «ጧ» ይላል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀንማ አምፑሉ ይደበዝዛል፥ የሳክስፎኑም ድምፅ ይሻክራል።

በመጀመሪያ በመርፌው አሳበብንና መርፌ ለወጥን። ቀጥሎም የጎረቤት ምክር ሰምተን ማረጋጊያ፥ ብዙ ሰው ስታብላይዘር የሚለውን፥ በደመወዛችን ላይ ብድር ጨምረን ገዛን። ማረጋጊያ የወረደውን ቮልት ከፍ፥ የወጣውን ዝቅ ያደርጋል፤ ሥራው ይኸው ነው። ንቡን ግን አላባረረልንም፤ እንዲያውም ምጣዱ በተሰካ ቍጥር «ቀጭ፥ ቀጭ» የሚል የራሱን ሙዚቃ ጨመረልን። ፍጹም ጸጥታ የምናገኘው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሸክላው አይዞርም።

በመጨረሻ በሰፈራችን የታወቁ አንድ አዛውንት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠራን። ሽማግሌው የሸክላ ማጫወቻውን ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። የግድግዳውን ሶኬት ፈትተው አሳዩን፤ የገቡት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ናቸው፥ ለመሬት ሽቦ የተዘጋጀው ቦታ ባዶ ነው። ነገሩንም አስረዱን። ወደ ቤታችን የሚገባው የ220 ቮልት ኃይል በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ከሸክላው መርፌ የሚነሣው ግን ከአንድ ቮልት ሺህ እጅ ጥቂቱ ነው። የመሣሪያው የብረት አካል ከመሬት ጋር ካልተያያዘ በዙሪያው ካሉት ሽቦዎች የሚደርስበትን ሁሉ ይቀበላል፤ አምፕሊፋየሩም ዘፈኑን ከሌላው ሳይለይ አብሮ ያጎላዋል። ለካ ንብ ያልነው የመብራቱ የራሱ ድምፅ ኖሯል።

«ልጆቼ፥ ምጣዳችሁስ አይነዝርም?» ሲሉ ጠየቁን።

«የለም፥ ጋሼ፥ አይነዝርም» አልን።

«ይነዝራል እንጂ!» አሉ እናታችን ከማድ ቤት ሆነው፤ «ስንት ዓመቱ! ኮንጎ ጫማዬን የማደርገው ለምን መስሏችሁ ነው?»

እኛስ ሲሚንቶው እግራቸውን እንዳያቀዘቅዘው ይመስለን ነበር። እንግዲህ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጠን በንብ ድምፅ ስንማረር፥ እናታችን ሊጡን ባፈሰሱና ሰፌዱን ባስጠጉ ቍጥር እጃቸውን ይነዝራቸው ኖሯል። ለምን አልነገሩንም ብንላቸው «ምጣድ መቼም ይነዝራል» አሉን።

ባለሙያው ሒሳቡን አሰሉ። ምጣዱ 3,500 ዋት ያህል ስለሚወስድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ከማጫወቻው ጋር የሚጋራው ቀጭን ሽቦ ለዚህ አይበቃውም። ስለዚህ መሬት ውስጥ የመዳብ ዘንግ መትከል፥ ለምጣዱና ለማጫወቻው ለየብቻ መስመር መዘርጋት፥ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ መብራቱን በቅጽበት የሚቈርጥ መሣሪያ መግጠም ያስፈልጋል። ገንዘባችን ግን ከዘንጉና ከመቍረጫው ሌላ ለአንድ መስመር ብቻ ይበቃ ነበር። «የትኛውን ላስቀድም?» ብለው ቢጠይቁን መልሳችን ጥቂት ዘገየ። እናታችን ያስተውሉ አያስተውሉ አናውቅም፤ እኛ ግን ያቺን ጥቂት ጊዜ አልረሳናትም። ምጣዱን አልን።

ዘንጉ ከቧንቧው አጠገብ፥ አፈሩ ዘወትር እርጥብ በሆነበት ስፍራ ተተከለ፤ በዙሪያውም ከሰልና ጨው ተደረገ። ሦስት ወር ቆይተን የማጫወቻውን መስመር አስዘረጋን፤ ማረጋጊያውንም ለማቀዝቀዣው ሰጠነው። አሁን ዘፋኙ ትንፋሹን ሲስብ ይሰማናል፤ ጆሯችንን ስፒከሩ ላይ ካላስጠጋን በቀር ንቡ የለም። ምጣዱም አይነዝርም፤ ባለሙያው በመሣሪያ ለክተው አረጋግጠውልናል። እናታችን ግን እስከ ዛሬ ለመጋገር ሲነሡ አስቀድመው ኮንጎ ጫማቸውን ይፈልጋሉ።