የሕመምተኛ ሁለተኛው ሕመም

ከቤታችሁ ሰው ታሞ ሐኪም ቤት ደርሶ ሲመለስ ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ? በብዙዎቻችን ቤት ከመድኃኒቱ በፊት «እንዴት ተቀበሏችሁ?» ይባላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔ በማስተማር የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ስለ ሕክምና የማውቀው የታመመ ስጠይቅ ያየሁትን ያህል ነው። ነገር ግን ሕመምተኛ ከበሽታው ሌላ ሁለተኛ ሕመም ይዞ እንደሚገባ አይቻለሁ፤ እርሱም እንዳይናቅ መፍራቱ ነው።

ይህን ሕመም ጠንቅቀው ካወቁት አንዷ አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1959 ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በዚያም ምጥ ለቀናት ጠንቶባቸው፣ ብዙዎቹም ልጃቸውን አጥተው፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸውን እናቶች አገኙ። ፌስቱላ የሚባለው ይህ ጉዳት በሽታው ምክንያት ሴቲቱን ከባልና ከጎረቤት ይለያታል። ሐኪሞቹ በ1974 ለእነዚህ እናቶች ብቻ የሚሆን፣ ያለ ክፍያ የሚያክም ሆስፒታል ከፈቱ። ድና ወደ አገሯ የምትመለሰውም አዲስ ልብስ ለብሳ እንድትሄድ አደረጉ። እስቲ እናስተውል፤ ልብስ ቁስል አይደፍንም። ነገር ግን ተገልላ የኖረችውን ሴት ከሰው ፊት ያቆማታል።

ከዚህ የበለጠው ደግሞ የሠራተኞቹ ነገር ነው። ከአስታማሚዎቹ ብዙዎቹ ቀድሞ እዚያው የታከሙ ሴቶች ናቸው። ማሚቱ ጋሼ በ1960ዎቹ በሕመምተኛነት መጥታ ከዳነች በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፤ ከዚያም ሐኪሞቹን እየረዳች፣ ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት ሳለች የታወቀች የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። እንዲህ ያለች አስታማሚ ሕመምተኛዋ ምን እንደምታፍር ማንም አይነግራትም፤ ራሷ ታውቀዋለች። ሥራውም እርሷን ራሷን አክብሯታል።

ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው አረፉ። ሁላችን ሆስፒታል መክፈት አንችልም። ሆኖም የታመመን መጠየቅ በዲናችን ሐቅ ነው። ብርቱካን ይዘን ስንሄድ ሌሊቱን ሙሉ የቆመችውን ነርስ «በርቺ እህቴ» እንበላት፤ ወለል የሚወለውለውን ወንድማችንንም ሰላም እንበለው። በነርስነት የምትማር ልጅ ያለችን ወላጆች ደግሞ መርፌውን ከመውጋቷ በፊት የሕመምተኛውን ስም እንድትጠይቅ አደራ እንበላት።