የምርምር ረዳት ይፈለጋል!

አቤት የያኔው ስድስት ኪሎ! በ1980ዎቹ መጨረሻ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ምርምር ለሚናፍቅ አዲስ ተመራቂ የተስፋው ሁሉ መጠቅለያ በታይፕ ተመትታ፣ ክብ ማህተም አርፎባት ሰሌዳ ላይ የተለጠፈች አንዲት ወረቀት ነበረች። «የምርምር ረዳት ይፈለጋል» የምትል ከሆነማ ልብ ስቅል! አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ጉልበቱን ጠረጴዛ አድርጎ ይገለብጣል፣ ዘግይቶ የመጣው «እባካችሁ የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?» እያለ ይጋፋል። ለአንድ ቦታ የምንሻማ ሰዎች እስክሪብቶ እንዋዋስ ነበር!

ከዚያ ማመልከቻው። «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ ይሆናል» ተብሎ በአማረ የእጅ ጽሑፍ ይጀመራል። ስርዝ ድልዝ ከታየበት ይቀደድና እንደገና ከ«ለ» ይነሳል። ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የዲግሪው ፎቶ ኮፒ፣ ዋናው ለማመሳከሪያ፣ ደግሞም የመምህራችን የድጋፍ ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ። ያንን ፖስታ ወደ ፀሐይ አንስቶ ምን ተጽፎ ይሆን ብሎ ያላየ ማን ነው!

ማመልከቻውን ይዞ መግባቱስ? የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የገባው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ንጉሥ በኖረበት ቤት ደረጃ ወጥቶ «ልመራመር» ብሎ መጠየቅ እንዴት ያኮራ ነበር!

በባዮሎጂ ልጆች አፍ ደግሞ የዶክተር አክሊሉ ለማ ስም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከተ። የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎቹ መግደያ ከደጃችን ተገኘ! ሁሉም ያየውን የእንዶድ አረፋ አይቶ መጠየቅ፤ እኛን ያሳበደን ይህ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ኮንትራቱ አጭር ነው ቢሉን ማን ሊሰማ! መጠይቅ በካርቶን አሸክመው ገጠር ቢልኩን በደስታ እንሄዳለን፣ እርሳስና ላጲስ ይዘን።

የዛሬውስ! ማስታወቂያው በቴሌግራም ኪስ ድረስ ይመጣል። መጠይቁ ታብሌት ላይ ነው፤ መስክ ላይ የተሞላው ማታውኑ ለተመራማሪው ይደርሳል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹም ከ40 በላይ ሆነዋል። ጂንካ ያለች ልጅ የአውቶቡስ ሳትከፍል ጎንደር ታመለክታለች፣ በዙም ትጠየቃለች። ስዊድን ብትሞክር ደግሞ እዚያ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ደመወዝተኛ ተቀጣሪ ስለሆነ፣ የምትልከው ራሱ የሥራ ማመልከቻ ነው። ይህ በር ለእኛ ቢከፈት ኖሮ በደስታ ባበድን! ለእነሱ ስለተከፈተ እልል እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ያኔ ያለፈውም የወደቀውም ስሙን ሰሌዳው ላይ ፈልጎ ቁርጡን ያውቅ ነበር። ዛሬ ብዙ ልጅ ማመልከቻውን ልኮ ወር አልፎ ወር ቢተካ ድምፅ የለም። ረዳት የምትቀጥሩ ተመራማሪዎች፣ እባካችሁ ላላለፉትም ሁለት መስመር ጻፉላቸው። እናንተም ልጆች መልስ ቢዘገይ ተስፋ አትቁረጡ፤ ቀጣዩንም አመልክቱ።