ጨረታ የሚኬደው ለርካሽ ዕቃ ነው?

ጨረታ መከታተል የሚወድ ሰው «እዚያ ምን ይወስድሃል?» ሲባል ቶሎ የሚመጣለት መልስ «ዕቃ በርካሽ ይገኛል» የሚል ነው። ጠያቂን ለመገላገል ይበቃል፤ እውነቱ ግን ሌላ ይመስለኛል። ነገሩ ርካሽነት ቢሆን ኖሮ የቤተ ክርስቲያን ጨረታ ድሮ በቀረ ነበር። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን፣ ለሕንፃ ማሠሪያ ተብሎ ለጨረታ የሚቀርበውን ድፎ ዳቦ አስቡት። አጫራቹ ማይክሮፎኑን ይዞ «ሦስት መቶ አንድ ጊዜ! ሦስት መቶ ሁለት ጊዜ!» እያለ ሲያጓጓ ከኋላ አንድ እጅ ይነሣል፤ አምስት መቶ። እናቶች እልል ይላሉ። አሸናፊው ዳቦውን ይቀበልና «ለቤተ ክርስቲያን መልሻለሁ» ይላል፤ ያው ዳቦ እንደገና ይጫረታል። አንድ ሰው እንኳ አልረከሰለትም፤ አዳራሹ ግን ደምቋል። «ታይታ ነው» የሚል አይጠፋም። ታይታ አይጠፋበትም፤ ነገር ግን ምንም ያልከፈሉት ሰዎችስ አንገታቸውን አስግገው የሚከታተሉት ምን አግኝተው ነው?

ዋጋ ሲወለድ እያዩ ነው። መርካቶ ስንከራከር ክርክሩ በሻጭና በገዢ መካከል ይቀራል፤ ጎረቤት ሱቅ የቆመው በስንት እንደተስማማን አያውቅም። ቤትና መኪና ላይማ ዋጋው በደላላ ሹክሹክታ ነው የሚያልቀው። ጨረታ ላይ ሻጩ ዝም ይላል፣ የሚከራከሩት ገዢዎች እርስ በርሳቸው ናቸው፣ ያውም በአደባባይ። ማን ምን እንደወደደ፣ እስከ ምን ድረስ እንደወደደና የት ላይ እንደተወው በዓይን ይታያል። ይህን ሌላ ቦታ የት እናያለን?

አሜሪካ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት በየሰፈሩ የምታዩት የሙሉ ቤት ዕቃ ሽያጭ፣ በአጫራች ሳይሆን በተለጠፈ ዋጋ ቢሸጥም፣ ለእኔ ከዚሁ ጎራ ነው። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ወደ አረጋውያን መጦሪያ ሲገባ ቤተሰቡ አሻሻጭ ድርጅት ይቀጥርና ቤቱ ከወጥ ቤት እስከ ጋራዥ ይከፈታል። ደህና ዕቃ የሚፈልግ በማለዳ ተሰልፎ ቁጥር ይወስዳል፤ ታጋሽ ደግሞ ዋጋው ብዙ ጊዜ በግማሽ የሚወርድበትን የመጨረሻውን ቀን ይጠብቃል። ጋራዡ ውስጥ በመጠን በመጠኑ የተለየ ብሎን የሞላባቸው የጃም ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ በየክዳኑ ላይ የባለቤቱ የእጅ ጽሑፍ አለ። ሳሎን የከበረው የሸክላ ሳሕን ዞር ብሎ የሚያየው ሲያጣ፣ ለእነዚያ ብርጭቆዎች ሦስት ሰው ይሻማል። «የሞተ ሰው ቤት መበርበር አያሳፍርም?» ይባላል። ያሳፍር ነበር፣ ዕቃው ሌላ የተሻለ ዕጣ ቢኖረው። አብዛኛውን ጊዜ ያለው አማራጭ የቆሻሻ መኪና ነው። ብሎኖቹን መርጦ የወሰደ ሰው ለሟቹ ድካም ዋጋ ሰጥቷል።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ ግን አለ፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ከማንም በላይ ልናነሣው ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ ከሳምንት በኋላ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች አስጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን አጫረተው። ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ፣ ከገዢዎቹ ዋነኛው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር። ያ ጨረታ ዝርፊያን የንግድ ልብስ አለበሰው። ይህን ልክድ አልችልም። ሆኖም በደሉ የተፈጸመው መቅደላ ላይ ነው፤ አደባባይነት ደግሞ ከጊዜ በኋላ ለተበዳዩም ይሠራል። በ2013 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ ዶርሴት ውስጥ፣ የመቅደላ ዕቃዎች ለጨረታ መቅረባቸው አስቀድሞ ይፋ ስለወጣ ኤምባሲያችን ተቃወመ፤ ዕቃዎቹ ከጨረታው ተነሡ፣ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቷቸው ለኤምባሲው ተሰጡ። በጓዳ ቢሸጡ ኖሮ ማን ይሰማ ነበር?

ስሜት ያሞኛል የሚሉትም ትክክል ናቸው። የባሕር ላይ ነዳጅ ቦታዎችን ጨረታ ያጠኑ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1971 እንደጻፉት፣ አሸናፊው ብዙ ጊዜ የዕቃውን ዋጋ ከሁሉ አብልጦ የገመተው፣ ማለትም የተሳሳተው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቀድሞ ዕቃውን ማየት፣ ጣሪያን መወሰን፣ ሲያልፍ እጅን ኪስ መክተት። ለነገሩ ተመልካች ይህ ሁሉ አያሰጋውም።

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር ነጋዴዎቹ ወለሉ ላይ እየጮኹ ተከራክረው፣ ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ ነበር። በኋላ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ገባ። ለቡና አምራቹ ይህ ሳይሻለው አይቀርም፤ ስክሪን ላይ ግን ቁጥሩ እንጂ ቁጥሩን የተወው ሰው ፊት አይታይም፤ የኢንተርኔት ጨረታውም ሁሉ እንደዚያው።