ሳያልቅ የተሸጠ ጨዋታ

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በተመረቀበት ዕለት ማታ፣ ሰቆጣ ቤቴ ውስጥ ቴሌቪዥን ከፍተን ተቀምጠን ነበር። የእህቴ ልጅ አብሮን ነው። ከጽጽቃ መጥቶ እኔ ዘንድ እየኖረ ኮሌጅ የጨረሰ፣ አሁን የሰው ስልክና ኮምፒውተር እየጠገነ የሚተዳደር የ24 ዓመት ወጣት ነው። እኔ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል፣ ያኔ በ2003 ዓ.ም. ቦንድ ስገዛ የተሰጠኝን ወረቀት የት እንዳስቀመጥነው ባለቤቴን እጠይቃለሁ። እሱ ግን ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ ለብቻው ይስቃል። የደስታ ሳቅ አልነበረም።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"አጎቴ፣ የእርስዎ ግድብ እንኳ አለቀ። የእኔ ጨዋታ ግን አላለቀም።"

እውነቱን ልናገርና፣ ለኮምፒውተር ጨዋታ ያለኝ አመለካከት ጥሩ አልነበረም። በወጣቶች ጉባኤ ሁለት ጊዜ ተቃውሜ ሰብኬበታለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንድም ጨዋታ በቅጡ ሳላውቅ። ያን ማታ ግን መብራት ጠፋ። (በግድቡ ምርቃት ማታ! ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅበታለች።) ቴሌቪዥኑ ዝም ሲል እኔም "እስቲ ንገረኝ" አልኩት። በላፕቶፑ ብርሃን ፊቱ እየታየኝ ለአንድ ሰዓት ያህል አስረዳኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ሰዎች፣ አንዳንዴም አንድ ሰው ብቻውን፣ ከኋላቸው ትልቅ ኩባንያ ሳይኖር ጨዋታ መሥራት ይጀምራሉ። እስኪጨርሱ የሚኖሩበት ገንዘብ ግን የላቸውም። ስለዚህ ሥራው ገና ግማሽ ላይ ሳለ ለገበያ ያወጡታል። ገዢው ያላለቀውን እየተጫወተ ጉድለቱን ይነግራቸዋል፤ እነሱም በእሱ ገንዘብ እየኖሩ ቀሪውን ይሠራሉ። ይህን "ኧርሊ አክሰስ" ይሉታል። ስቲም የተባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጨዋታ ገበያ አሠራሩን በዚህ ስም የከፈተው እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ነው። አንዳንድ ቡድኖች ጨዋታቸውን ሳይጨርሱ ሊቀሩ እንደሚችሉም ገዢውን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ አሁን ባለበት ሁኔታ ካልወደድከው አትግዛው ማለቱ ነው።

አሠራሩ በራሱ ማታለል አይደለም። ማይንክራፍት የሚባለውና የሰፈራችን ልጆች ሳይቀሩ የሚያውቁት ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሳያልቅ ሲሸጥ ቆይቶ በኖቬምበር 2011 ሙሉ ሆኖ ወጥቷል። ሄዲስ የተባለው ደግሞ በዲሴምበር 2018 ተከፍቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተጠናቀቀ። ችግሩ ያለው ከሌሎቹ ዘንድ ነው። ሰቨን ዴይስ ቱ ዳይ በዲሴምበር 2013 ለገዢ ተከፍቶ "አልቋል" የተባለው በጁላይ 2024 ነው። በልጅነቱ የገዛው ሰው ትዳር ይዞ ሊሆን ይችላል። ስታር ሲቲዝን የተባለው ደግሞ በ2012 ከተጫዋቾች ገንዘብ መሰብሰብ ሲጀምር በ2014 ይደርሳል ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል፤ ሙሉው ጨዋታ ግን ዛሬም አልወጣም።

የእህቴ ልጅ የገዛው ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ስሙን አልጠራም፤ ሠሪዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው። ጨዋታው በተራራ ላይ መንደር ማቋቋም ነው። እርከን ትሠራለህ፣ ዝናብ ትጠብቃለህ፣ እህሉ ካልበቃ ሰዎችህ ጥለውህ ይሄዳሉ። "ጽጽቃን መሰለኝ" አለኝ። የእኛ አገር ካርድ እዚያ ገበያ ላይ ስላልሠራለት፣ ጂዳ በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቱ በ2014 ዓ.ም. ከደሞዟ 15 ዶላር ከፍላ ገዛችለት። ሠሪዎቹ ገበያ እንጨምራለን፣ ከብት እንጨምራለን፣ በጋና ክረምት እንዲለዋወጡ እናደርጋለን ብለው ነበር። መጀመሪያ በየሁለት ወሩ አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር። ቆይቶ በየስድስት ወሩ ሆነ። ከዚያ "ቶሎ እንመለሳለን" የሚል አጭር መልእክት ጻፉና ጠፉ።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሁላችን ስናማርር ይህ ልጅ በአንድ ነገር ይጽናና ነበር አሉ። "ሲመለስ ብዙ አፕዴት ተጠራቅሞ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር" አለኝ። ከወራት በኋላ ኢንተርኔቱ ተመለሰ። ላፕቶፑን ተሸክሞ ዋይፋይ ወዳለበት ሆቴል ሄደ፣ አንድ ሻይ አዝዞ ተቀመጠና ከፈተው። ምንም አልነበረም። ያቺው "ቶሎ" የምትል መልእክት ብቻ።

እኔም እንደ መጋቢ ወጉን አደረስኩ። ስለ ትዕግሥት ተናገርኩ፤ ትውልዱ ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ እንደሚፈልግ፣ መጠበቅ እንደማያውቅ። ልጁ በትሕትና አዳመጠኝና እንዲህ አለ፦

"አጎቴ፣ መጠበቅማ የዋግ ልጅ ነኝ፤ ዝናብ ስጠብቅ ነው ያደግሁ። የሚያናድደኝ መዘግየቱ አይደለም። 'ቶሎ' ብለው ዝም ማለታቸው ነው። አልቻልንም ቢሉኝ እኮ እተወው ነበር።"

ቀጥሎ ስለ ፕሮጀክት ዞምቦይድ ነገረኝ። ዘ ኢንዲ ስቶን የተባሉ የእንግሊዝ አገር ልጆች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መሸጥ እንደጀመሩ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ሌባ ቤታቸው ገብቶ ኮምፒውተሮቻቸውን ወሰደ። የቅርብ ጊዜ ሥራቸው እዚያ ላይ ነበር፣ ቅጂም አላስቀመጡም ነበር። ገንዘብ የከፈለው ሁሉ ተቆጣ፤ "እንዴት ቅጂ አታስቀምጡም?" ተባሉ፤ ትክክለኛ ቁጣ ነው። እነሱ ግን የሆነውን ተናገሩ፤ ስህተታቸውንም ኋላ በአደባባይ ተረኩት። ያ ጨዋታ በ2013 ስቲም ላይ ከወጣ ወዲህ እስከ ዛሬ "አልቋል" አልተባለም። ግን ብዙ ሰው ይወደዋል። "ለምን?" ስለው፣ ቀን አይቆርጡም፣ ነገር ግን ምን እየሠሩ እንደሆነ፣ ምን እንደተበላሸባቸው በየጊዜው ይጽፋሉ አለኝ።

ስቲም ራሱም በ2025 መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ጨምሯል። ሠሪዎቹ ከዓመት በላይ ካልነኩት፣ የጨዋታው ገጽ ላይ የመጨረሻው አፕዴት ከስንት ወር በፊት እንደነበረ የሚገልጽ ማሳሰቢያ ይለጠፋል። ልጁ ያን ማታ የሳቀው ይህን አይቶ ነው። በእሱ ጨዋታ ላይ 26 ወር ይላል።

መብራት ገና አልመጣም ነበር። ባለቤቴ ሻማ ለኮሰች። ልጁ ላፕቶፑን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አጎቴ፣ እማዬ በደወለች ቁጥር የአዳራሹን ነገር ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?" አለኝ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልናገር። ትንሽ ጉባኤ ነን። የማምለኪያ አዳራሻችንን መሠረት የጣልነው በጥር 2009 ዓ.ም. ነው። እህቴ ጽጽቃ ገበያ ሁለት ፍየል ሸጣ ገንዘቡን ላከች። ሌላውም እንደ አቅሙ ሰጠ። እኔም በመድረክ ላይ ቆሜ "ለ2011 ፋሲካ በአዲሱ አዳራሽ እንዘምራለን" አልኩ። የነገረኝ መሐንዲስ አልነበረም፤ ጉባኤው እልል እንዲል ስለፈለግሁ ነው። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ላይ ሳንደርስ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ከተማችን ገባ። ስንመለስ ያከማቸነው ቆርቆሮና ስሚንቶ አልነበረም። ከዚያም ከአበርገሌና ከሌሎች ወረዳዎች የተፈናቀሉ ወገኖች ከተማዋን ሞሏት። እኛ ሽማግሌዎች ተሰብስበን ከአዳራሹ ገንዘብ ላይ 22,500 ብር አውጥተን እህል ገዛንላቸው። ሥራው መልካም ነበር። ለሰጪዎቹ ግን አልነገርንም፤ ያን ብንነግራቸው ስለ ቆርቆሮውም ይጠይቁን ነበርና። ዛሬ በቆሙት ግድግዳዎች መካከል ሸራ ወጥረን እናመልካለን። እኔም ከማስታወቂያ በኋላ "አዳራሹ በቅርቡ" እላለሁ። ስንት ዓመት እንዳልኩት እናንተ ቁጠሩት።

ልቤን የወጋኝ ልጁ ሳያመናጭቀኝ መጠየቁ ነው። ለእነዚያ ለማያውቃቸው ሠሪዎች የተናገረውን ቁጣ ለእኔ አልተናገረም። የአጎቱን ክብር ጠበቀ። ጉባኤውም ለዓመታት እንዲሁ አድርጎልኛል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ስለ ግድቡ አስብ ነበር። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ሲጣል አምስት ዓመት ገደማ ተብሎ ነበር። በ2010 ማብቂያ ላይ ሥራው እጅግ መጓተቱ በይፋ ሲነገር በጣም ተናድጄ እንደነበር አስታውሳለሁ። ግን ደግሞ እፎይ ብዬም ነበር። ዓመቱን ሁሉ "እየተፋጠነ ነው" ሲባል ስሰማ በውስጤ አላምነውም ነበር፤ መዘግየቱን ሲነግሩኝ ግን አመንኳቸው። የካቲት 13 ቀን 2014 አንዱ ተርባይን ኃይል ማመንጨት ሲጀምር ግንባታው ገና አላለቀም ነበር፤ የእህቴ ልጅ ቢሆን ኧርሊ አክሰስ ይለዋል። እኔ ግን ያን ቀን አላጉረመረምኩም።

ሌላም አለ። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ፣ ማንም እንዳይነቅፈው በጉባኤዎች የታመኑ ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ ያደርጋል፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም ነገሩ የጠራ እንዲሆን ይጠነቀቃል። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለሁ በዚህ ምዕራፍ ላይ ጽሑፍ ጽፌ ከፍተኛ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ጽሑፉ አሁንም ካርቶን ውስጥ አለ። የአዳራሹ የሒሳብ መዝገብም እዚያው ካርቶን ውስጥ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን። አንዱ ወንድም "ቁስል መነካካት ነው" ብሎ ተቃወመ፤ ፍርሃቱ ገብቶኛል። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከስብከት በፊት መዝገቡን ይዤ ቆምኩ። የገባው 312,400 ብር፤ ለግንባታ የወጣው 228,600፣ ከዚህ ውስጥ የጠፋው ዕቃ 36,000 ገደማ ያወጣ ነበር፤ ለተፈናቀሉ የተሰጠው 22,500፤ ባንክ ያለው 61,300። ብሩ ጣሪያውን በዛሬ ዋጋ እንደማይሸፍን ነገርኳቸው። "መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም፤ ለፋሲካ ያልኳችሁም ሳላውቅ ነው፤ ይቅር በሉኝ" አልኩ።

ሸራው በነፋስ ሲመታ ብቻ ይሰማል። አንዲት አረጋዊት እናት ተነሡና "መጋቢ፣ ለተፈናቀሉት እህል መግዛታችሁን ምነው ደበቃችሁን? እኛም በሰማንና ደስ ባለን" አሉ። ምን እንደምመልስ አጣሁ። አንድ ወንድም ደግሞ ለቆርቆሮ የሰጠውን ገንዘብ ጠቅሶ ተቆጣና ወጥቶ ሄደ። በሳምንቱ ቤቱ ሄድኩ። ቡና አስፈላልኝ፣ ስለ ልጆቹ አወራን፣ እስከ በር ሸኘኝ። እስካሁን ግን አልተመለሰም፤ አልፈርድበትም።

እህቴን በስልክ ነገርኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ "እንግዲያው ፍየሎቼ ለተራበ ሰው ደርሰዋል በለኛ፤ ይህን ለመናገር ነው እንዴ ይህን ያህል ዓመት የፈጀህ?" ብላ ሳቀችብኝ።

አሁን በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ አንድ ወረቀት በአዳራሹ መግቢያ ላይ ይለጠፋል። የሚጽፈውና የሚያትመው የእህቴ ልጅ ነው። ቀን እንዳንቆርጥ ከልክሎናል። የኅዳሩን ሳነብ አፍሬ "ይህ እንኳ ባይለጠፍ" ብዬው ነበር፤ እሱ ግን ማጣበቂያውን እየቆረጠ "ይለጠፋል አጎቴ" አለኝ። ወረቀቱ ላይ የነበረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ በዚህ ወር ምንም አልተሠራም።