ሴቪያ፣ ግራናዳ ወይስ ኮርዶባ?

ደቡብ ስፔንን አብዛኞቻችን የተዋወቅናት በእግር ኳስ ነው። ሴቪያ ማለት ዩሮፓ ሊግን ሰባት ጊዜ የወሰደ ክለብ ነው። ግራናዳ ላሊጋ ውስጥ ወጣ ገባ የሚል ቡድን ነው። ኮርዶባ በ2014/15 አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ላሊጋ ቆይቶ መጨረሻ ወጥቶ መውረዱን የሚያስታውስ ካለ፣ እሱ እውነተኛ የኳስ ሰው ነው። የጉዞ ፕሮግራም የሚያወጡ ሰዎችም ከተሞቹን በዚሁ ቅደም ተከተል የሚያዩ ይመስላል። ለሴቪያ ሦስት ሌሊት ይሰጣሉ፣ ለግራናዳ ሁለት፤ ኮርዶባ ላይ ግን ከባቡር ወርዶ ጥቂት ሰዓት ዞር ዞር ብሎ መመለስ ነው።

እኔና ባለቤቴ ሦስቱንም አይተን ከተመለስን በኋላ፣ እዚህ አውሮፓ ያሉ ወዳጆቻችን አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብናል፤ «አራት ቀን ፈቃድና ልክ ያላት ገንዘብ ብቻ ቢኖረን የቱን እንምረጥ?» ባለቤቴ ሴቪያ ትላለች። እኔ ኮርዶባ እላለሁ፣ ያውም እዚያው አድራችሁ። ምክንያቴን በሁለት ቃል መናገር ስላልቻልኩ እነሆ ጻፍኩት። (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከሴቪያ ልጀምር፤ ባለቤቴ እውነት አላት። ሴቪያ ለመውደድ አታስቸግርም። ሜዳ ናት፣ በእግር ትዞራላችሁ፣ ማታ ማታ ሕዝቡ ልጆቹን ይዞ ደጅ ነው የሚውለው። የካቴድራሉ የደወል ማማ ሂራልዳ በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተሠራ የመስጊድ ሚናራ ነበር። ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ሳይሆን ዳገታማ መንገድ ነው፤ አዛን የሚለው ሰው በእንስሳ ተቀምጦ ይወጣ ነበር ይባላል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ደረጃ ካለው ማማ ይልቅ ይህን ይመርቁታል። ካቴድራሉ ውስጥ የኮሎምበስ መቃብር አለ። ከጎኑ ስፔን አሜሪካን ስትገዛ የጻፈችው ወረቀት ሁሉ የተከማቸበት የኢንዲዝ ቤተ መዛግብት ቆሟል። አልካሳር የሚባለውን ቤተ መንግሥት በ14ኛው መቶ ዘመን ያሠራው ንጉሥ ፔድሮ ክርስቲያን ነው፤ ግድግዳውን የጠረቡት ሙስሊም ባለሙያዎች ናቸው፤ በአረብኛ ጽሑፍም አስጊጠውታል።

ሴቪያ ስለ ወርቅና ስለ መርከብ ብዙ ታወራለች፣ ስለ ባሪያ ንግድ ግን ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። በ16ኛው መቶ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ባሮች የሚኖሩባት ከተማ ነበረች። እኔን ያስደነቀኝ ጥቁሮቹ የራሳቸው የሃይማኖት ማኅበር የነበራቸው መሆኑ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአንድ ሊቀ ጳጳስ የተመሠረተው ይህ ማኅበር ዛሬም አለ፤ በሰሞነ ሕማማት ምስሉን ተሸክሞ ይወጣል። ሰዉ «ሎስ ኔግሪቶስ»፣ ትንንሾቹ ጥቁሮች፣ ይለዋል። ዛሬ አባላቱ በአብዛኛው ነጮች ናቸው። ይህን በቱሪስት ካርታ ላይ ፈልጋችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ ጠይቁ።

ግራናዳ ላይ ክርክር የለኝም። ከሦስቱም ሕንፃዎች በውበት የሚበልጠው አልሃምብራ ነው። ችግሩ ቲኬቱ ነው። የቀን ጎብኚ ቁጥር የተወሰነ ነው፣ ትኬቱ በስማችሁና በፓስፖርት ቁጥራችሁ ይቆረጣል፣ ወደ ናስሪድ ቤተ መንግሥቶች የምትገቡበት ሰዓት ተጽፎበታል። ሰዓቱ ካለፋችሁ አለፋችሁ። «እዚያ ደርሰን እናያለን» የሚለው የኛ ዘዴ እዚህ አይሠራም። አስቀድማችሁ ካልቆረጣችሁ ዳገቱን ወጥታችሁ አትክልቱን አይታችሁ ትወርዳላችሁ። ከተማዋም ዳገት በዳገት ናት፤ አልባይሲን ሰፈር ውስጥ ጋሪ የሚገፋ ወላጅ ያሳዝናል።

ግራናዳ ለወቅታዊ ጉዳይ ተከታታይ ግን ብዙ የምታሳየው አላት። የመጨረሻው የሙስሊም ንጉሥ ቁልፉን ያስረከበው ጥር 2 ቀን 1492 ነው። ከተማዋ ይህን ቀን ዛሬም በየዓመቱ በሰልፍ ታከብራለች፤ በየዓመቱም «ይህ በዓል ነው ወይስ ስድብ?» የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል። እጅ የሰጡት ሰዎች ሃይማኖታቸውን፣ መስጊዳቸውንና ዳኞቻቸውን ይዘው እንዲኖሩ በጽሑፍ ውል ተገብቶላቸው ነበር። ውሉ አሥር ዓመት አልሞላውም። መጽሐፎቻቸው በአደባባይ ተቃጠሉ፣ ሕዝቡም ተጠመቅ ወይም ውጣ ተባለ። አይሁዶቹ ከዚያም በፊት፣ መጋቢት 31 ቀን 1492 እዚያው ግራናዳ ላይ በተፈረመው አዋጅ፣ ከመላው ስፔን እንዲወጡ ተደርገዋል። የተጠመቁት ሙስሊሞች ልጆችም ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ከ1609 እስከ 1614፣ ተባረሩ፤ ቁጥራቸው ወደ 300 ሺህ ይጠጋል።

አሁን ወደ ዛሬው ኑ። ስፔን በ2015 ባወጣችው ሕግ ለተባረሩት አይሁዶች ዘሮች ዜግነት የሚያገኙበትን በር ለጥቂት ዓመታት ከፈተች። ለተባረሩት ሙስሊሞች ዘሮች እንዲህ ያለ ሕግ አልወጣም። ሁለቱም ከአንድ አገር፣ በአንድ ዓይነት ምክንያት የተነቀሉ ናቸው። እኔ ይህን የመሰለ ይቅርታ ግማሽ ይቅርታ ነው እላለሁ፤ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ከታች ጻፉ።

ግራናዳን ሳልለቅ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ፤ ሁዋን ላቲኖ ይባላል። በ16ኛው መቶ ዘመን የአንድ መስፍን ቤት ባሪያ ነበር። የጌታውን ልጅ መጽሐፍ ተሸክሞ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ላቲን ተምሮ፣ ነፃ ወጥቶ፣ እዚያው ግራናዳ የላቲን መምህር ሆነ። በ1573 ስለ ሌፓንቶ ጦርነት የጻፈው የላቲን ግጥም ታትሟል። ራሱን «ኢትዮጵያዊ» እያለ ነው የሚጠራው። ደረታችንን ከመንፋታችን በፊት ግን፣ በዘመኑ ላቲን «ኢትዮጵያዊ» ማለት ጥቁር ሰው ማለት ነበር። ባዬና በምትባል የኮርዶባ አካባቢ ከተማ ተወለደ የሚሉም አሉ። የኛ ይሁን አይሁን ሰውየው ታላቅ ሰው ነው።

ታዲያ ለምን ግራናዳን አልመረጥኩም? ግራናዳ ውስጥ ማን ተበዳይ ማን በዳይ እንደሆነ ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ትለያላችሁ። ወገናችሁን ትመርጡና፣ አዝናችሁ ወይም ኮርታችሁ ትመለሳላችሁ። ኮርዶባ ይህን ዕድል አትሰጥም።

ዋናውን ሕንፃ ውሰዱ። መስጊዱን በ8ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያስጀመረው ቀዳማዊ አብዱራህማን ነው። ቤተሰቡ በአባሲዶች ሲታረድ ከሶርያ አምልጦ የመጣ ስደተኛ ነበር። ከዚያ በፊት ቦታው ላይ የቅዱስ ቪንሴንት ቤተ ክርስቲያን ነበር ይባላል፤ የአረብ ታሪክ ጸሐፊዎችም ይህን ጽፈዋል፣ የመሬት ቁፋሮ ባለሙያዎች ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በ1236 ፈርናንዶ ሦስተኛ ከተማዋን ሲይዝ መስጊዱ ካቴድራል ተባለ፤ ሕንፃው ግን በአብዛኛው እንዳለ ቆየ። በ1523 ጳጳሱ መሃሉን አፍርሶ ትልቅ ካቴድራል ልሥራ ሲል የተቃወመው ማን ይመስላችኋል? የክርስቲያኖቹ የከተማ ምክር ቤት ነው። ያፈረሰ ሠራተኛ በሞት ይቀጣል ብሎ እስከ ማወጅ ደርሶ ነበር። ንጉሡ ለጳጳሱ ፈረደና መሃሉ ፈረሰ።

ዛሬ ስትገቡ ከስምንት መቶ በላይ ዓምዶች፣ ቀይና ነጭ የተፈራረቁባቸው ድርብ ቅስቶች፣ ማለቂያ የሌለው ጫካ ይመስላሉ። ብዙዎቹ ዓምዶች ከሮማውያንና ከቪሲጎቶች ሕንፃ የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ቁመታቸው አንድ አይደለም። በዚያ ጫካ ስትሄዱ ሳታስቡት ጣሪያው ወደ ሰማይ ይመዘዝና፣ ነጭ ብርሃን ያለበት ሙሉ ካቴድራል መሃሉ ላይ ተተክሎ ታገኙታላችሁ። ባለቤቴ ቀና ብላ ቆየችና «ማነው ማንን የዋጠው?» አለችኝ። እስካሁን መልስ የለኝም።

የደወሎቹን ታሪክም ስሙ። በ997 የኮርዶባው የጦር መሪ አልማንሱር የሰሜኑን የሳንቲያጎን ከተማ ዘርፎ፣ የቤተ ክርስቲያኗን ደወሎች በክርስቲያን ምርኮኞች ትከሻ አሸክሞ ወደ ኮርዶባ አመጣቸው፤ ለመስጊዱ መብራት ሆኑ። ዜና መዋዕሎቹ እንደሚሉት፣ በ1236 ፈርናንዶ ደወሎቹን በሙስሊም ምርኮኞች ትከሻ አሸክሞ ወደ ሳንቲያጎ መለሳቸው። ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ሸክም፣ ከ239 ዓመት በኋላ።

ጉዳዩም አልተዘጋም። በ2006 ሀገረ ስብከቱ ሕንፃውን በንብረት መዝገብ በስሙ አስመዘገበው፤ በኛ ቋንቋ ካርታ አወጣበት። የከፈለው 30 ዩሮ ነው። ይህን ያስቻለው ጳጳሳት ያለ ሌላ ማስረጃ ንብረት እንዲያስመዘግቡ የሚፈቅድ የፍራንኮ ዘመን ሕግ ነው። ከተማው ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2018 ቤተ ክርስቲያኗ ባለቤት አይደለችም የሚል ሪፖርት አወጣ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ደግሞ ከ1236 ጀምሮ የኔ ነው ትላለች፣ ቁልፉም በእጇ ነው። በ2014 ጉግል ማፕ ላይ «መስጊድ» የሚለው ቃል ጠፍቶ ፊርማ ተሰባስቦ ነው የተመለሰው። ሙስሊም እዚያ መስገድ አይፈቀድለትም። «መጀመሪያ የማን ነበር» በሚል ክርክር ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አልጽፍም፤ አንባቢዎቼ ናችሁ፣ ታውቁታላችሁ።

ይህን ሰምታችሁ የሙስሊሞቹን ዘመን የወርቅ ዘመን ብላችሁ ልትሸሹበት ትፈልጉ ይሆናል። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ኮርዶባ ያንንም ትከለክላችኋለች። የከተማዋ ሁለት ታላላቅ ልጆች ሐውልት ቆሞላቸዋል። ኢብን ሩሽድ፣ አውሮፓውያን አቬሮስ የሚሉት ፈላስፋ፣ በ1195 በገዛ ሙስሊም ገዢው ተግዞ፣ የፍልስፍና መጽሐፎቹ ተቃጥለው፣ በኋላ ምሕረት ቢደረግለትም ማራካሽ ሞተ። አይሁዳዊው ማይሞኒደስ ልጅ ሳለ፣ አልሞሃዶች ከተማዋን ሲይዙ፣ ቤተሰቡ ሸሽቶ ወጣ፤ እሱም ግብፅ ነው የሞተው። ዛሬ ቱሪስት የሐውልቱን ጫማ እየዳሰሰ ፎቶ ይነሣል። እሱን ካባረረች ከተማ።

ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ መዲና አዛሃራ አለ። ኸሊፋው በ936 ገደማ ያስጀመረው ዕብነ በረድና ወርቅ ያጌጠበት የቤተ መንግሥት ከተማ ነበር። ሰባ አምስት ዓመት አካባቢ ቆየ። ያፈረሱት ክርስቲያኖች አይደሉም፤ ሥልጣን ለመውረስ በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት የኸሊፋው አገር ወታደሮች እርስ በርሳቸው ሲተላለቁ ነው የወደመው። በ1031 ኸሊፋነቱ ራሱ ቀረ፣ አገሩም ወደ ትንንሽ መንግሥታት ተበታተነ። ፍርስራሹ ላይ ቆሜ ከሦስቱ ከተሞች ሁሉ ረጅም ዝምታ ዝም ያልኩት እዚያ ነው።

ምግብ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የኮርዶባ መታወቂያ ሳልሞሬሆ የሚባል፣ ከቲማቲምና ከዳቦ የሚሠራ ቀዝቃዛ ወፍራም ሾርባ ነው፤ በበጋ የሚተካከለው የለም። ግን ከላዩ ላይ እንቁላልና የደረቀ የአሳማ ሥጋ ይነሰንሱበታል። «ሲን ሃሞን» በሉ፤ ያለ አሳማ ማለት ነው። እኛ ይህን ደጋግመን ስንል አስተናጋጁ «ሙስሊም ናችሁ?» አለን። አይደለንም፣ ክርስቲያን ነን አልነው፤ ግራ ገባው። ኢንኩዚሽን በነበረበት ዘመን ብንሆን ግራ ከመግባት ያለፈ ነገር ይመጣብን ነበር። አሳማ አለመብላትና ቅዳሜን ማክበር በስውር አይሁድ ወይም ሙስሊም ለመሆን ማስረጃ ተደርጎ በችሎት ይቀርብ ነበርና። እኛማ ሁለቱንም ከነግዝረቱ ይዘን ነው የምንሄደው። በዚያው ዘመን፣ በ1555፣ አፄ ገላውዴዎስ ለካቶሊክ ሚስዮናውያን የእምነት ኑዛዜያቸውን የጻፉት በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ተከሰው ነበር፤ አሳማን የማንበላው እንደ አይሁድ ሕግ ጠብቀን አይደለም፣ የበላውንም አናረክስም፣ ያልበላውንም አናስገድድም የሚል ሐሳብ አለበት። ያንን ጽሑፍ ከአንድ ጊዜ በላይ አንብቤው ነበር። ክብደቱ የገባኝ ግን ሳልሞሬሆ ፊቴ ቀርቦ ነው።

እንግዲህ ለወሰናችሁ፦ ከማድሪድ ኮርዶባ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ከማላጋ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚመጣም ባቡሩ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ከሴቪያ ደግሞ 45 ደቂቃ ስለሆነ፣ ባለቤቴን የምትደግፉ ሰዎች ማደሪያችሁን ኮርዶባ አድርጋችሁ ሴቪያን ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። የስፔን የሙቀት ክብረ ወሰን፣ 47.6 ዲግሪ፣ የተመዘገበው በ2021 በዚሁ በኮርዶባ ክፍለ ሀገር ነው። ግንቦት ሰዉ ግቢውን በአበባ አስጊጦ ለጎብኚ የሚከፍትበት ወር ስለሆነ ያምራል፣ ሆቴሉ ግን ይወደዳል፤ እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ።

ትልቁ ሕንፃ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በማለዳ፣ በኛ አቆጣጠር ከ2፡30 እስከ 3፡30፣ በነፃ ያስገባል፤ አሠራሩ እንዳይቀየር ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ። አድራችሁ ከሆነ ብቻ ነው የምትደርሱበት፤ የቀን ቱሪስቱ ገና ባቡር ላይ ነው። ከሰዓት ወደ መዲና አዛሃራ በአውቶቡስ ውጡ። ኮፍያና ውሃ ያዙ፣ እዚያ ጥላ የለም።