ሽልማት የተባለው ብድር

የስደተኛ ቤተሰብ የመጀመሪያ ልጅ ከሆናችሁ ይህን ሥራ ታውቁታላችሁ። ደመወዝ የለውም፣ ዕረፍትም የለውም። የመብራት ቢል፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ ከትምህርት ቤት የተላከ ማስታወቂያ፣ ሁሉም ተጠራቅሞ እናንተን ይጠብቃል። እኛ ቤት ይህ ሥራ የኔ ነው። በዲቪ ሜሪላንድ ስንገባ እኔ 12 ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜ ደግሞ ገና 5። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እያዞርኩ አለሁ።

ከተረጎምኳቸው ወረቀቶች ሁሉ የከበደኝ በ2024 የጸደይ ወራት ለወንድሜ የመጣው ነው። በዚያ ዓመት የፋፍሳ ቅጽ ታድሶ ስለዘገየ ኮሌጆቹ ደብዳቤያቸውን የላኩት እጅግ አርፍደው ነበር። ወንድሜ የጓጓለት ከሌላ ስቴት ያለ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። የደብዳቤው ስም «አዋርድ ሌተር» ይባላል። በአማርኛ ስናገረው «የሽልማት ደብዳቤ» ሆነ። አባዬ ፊቱ በራ።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል። የዓመቱ ወጪ፣ ምግብና መኝታን ጨምሮ፣ 62 ሺህ ዶላር። ስኮላርሺፕና ግራንት 31,500። በተማሪው ስም የፌዴራል ብድር 5,500። ቀጥሎ «ፓረንት ፕላስ» የሚል መስመር፣ 25 ሺህ። ከታች የቀረው ሒሳብ፦ ዜሮ።

«ዜሮ?» አለ አባዬ። «በነጻ ነው ማለት ነው?»

ነጻ አልነበረም። ፓረንት ፕላስ ማለት መንግሥት ለወላጅ የሚያበድረው ገንዘብ ነው። በደብዳቤው ላይ ግን ከስኮላርሺፑ ጋር በአንድ ዓምድ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ «ሽልማት» በሚል ርዕስ ሥር ተቀምጧል። የኛ ደብዳቤ የተለየ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት ተቋም፣ ጋኦ የሚባለው፣ በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከመቶ 91 የሚሆኑት ኮሌጆች ተማሪው በእርግጥ የሚከፍለውን ዋጋ ወይ አሳንሰው እንደሚያሳዩ ወይ ጭራሽ እንደማይጽፉ ግምቱን አስቀምጧል።

እኔም ብድር አለብኝ። ነርሲንግ የተማርኩት በስሜ በወሰድኩት የፌዴራል ብድር ነው። እሱ ግን ጣሪያ አለው። በወላጁ ሥር ያለ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ነው የሚፈቀድለት፤ ጠቅላላው ከ31 ሺህ አያልፍም። አንድ ነርስ ይህን ከፍላ ትወጣዋለች። ለወላጅ የሚሰጠው ብድር ግን ያኔ ይህን የመሰለ ጣሪያ አልነበረውም። ከሌላው እርዳታ የተረፈውን የኮሌጅ ወጪ በሙሉ መበደር ይቻል ነበር። የአባትየው ገቢ ብድሩን ይችለዋል ወይ ብሎ የሚመዝንም የለም፤ የሚታየው የተበላሸ የክሬዲት ታሪክ እንደሌለው ብቻ ነው።

ለአባዬ «ብድር ነው» ስለው አልደነገጠም። «ዋስ እሆነዋለኋ! ለልጄ ያልሆንኩ ለማን ልሆን ነው?» አለኝ። አዲስ አበባ እያለ ለስንቱ ዋስ ሆኗል፤ ለባልደረባው፣ ለጎረቤት ልጅ፣ አንድ ጊዜ ስሙን በደንብ ለማያውቀው ሰውም ጭምር። በኛ ባህል ዋስነት ክብር ነው። ችግሩ ወረቀቱ ዋስ አላደረገውም። ዋስ ዋናው ተበዳሪ ሲያቅተው ነው የሚጠራው። በፓረንት ፕላስ ግን ተበዳሪው ራሱ አባዬ ነው። ወንድሜ ነገ ዶክተር ሆኖ ሚሊዮን ቢያገኝ እንኳ በሕግ አንድ ሳንቲም የለበትም።

በዚያ ዓመት የወለዱ መጠን 9.08 በመቶ ነበር። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 25 ሺህ በአራት ዓመት 100 ሺህ ይሆናል። በዚያው ወለድ በአሥር ዓመት ይከፈል ቢባል በወር ወደ 1,270 ዶላር፣ በጠቅላላው ከ152 ሺህ በላይ ነው። ልጁ በትምህርት ላይ እያለ የሚጠራቀመውን ወለድ ሳልጨምር። አባዬ 58 ዓመቱ ነው፤ ራይድ ነው የሚነዳው። ወንድሜ ሲመረቅ 62 ይሞላዋል። ዕዳው ሲያልቅ 72።

መክፈል ቢያቅተውስ? ይህንንም አነበብኩለት። መንግሥት ፍርድ ቤት ሳይሄድ ከደመወዝ ላይ እስከ 15 በመቶ መቁረጥ ይችላል። የታክስ ተመላሹን ይወስዳል። ከሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታውም ላይ መቀነስ ሕጉ ይፈቅድለታል። ሌላውን ዕዳ የሚያስሰርዘው የኪሳራ ሕግ ለተማሪ ብድር ሲሆን በሩ ጠባብ ነው፤ ከባድ መከራ ላይ መሆንህን ዳኛ ፊት ማስረዳት አለብህ።

«ብሞትስ?» አለኝ።

«ይሰረዛል» አልኩት። እውነት ነው፤ ወላጁ ከሞተ ብድሩ ይሰረዛል።

«ለእናንተ አይተላለፍም?»

«አይተላለፍም።»

«እና ምን ቸገረን ታዲያ! አምጪ ልፈርም።»

እስከዛሬ ከተረጎምኩት ሁሉ እንደዚህ ያስፈራኝ ዓረፍተ ነገር የለም። የአባቴ የሒሳብ መዝጊያ ሞቱ ነበር። ይህን ሲል ደግሞ አላዘነም፤ እንደ ጥሩ ዜና ነው የሰማው። ያኔ ገባኝ። ይህ ብድር የሚሠራው በወለድና በክሬዲት ብቻ አይደለም። «ለልጄ እምቢ አልልም» በሚል ወላጅ ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው። የኛ ወላጆች ደግሞ እምቢ ማለትን አልለመዱም። አገር ጥለው የመጡት ለምን ሆነና?

እማዬ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለች ቀና ሳትል። አባዬ ተቆጣ። «ትምህርት ነው እንጂ ጤፍ ነው እንዴ!» ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ አባዬን ያስቆመው የኔ የወለድ ትንታኔ አይደለም። 1,270 ዶላሩን ወደሚያውቀው ነገር መለሰው፤ ቤንዚንና የመኪና ወጪ ተቀንሶ ስንት ሌሊት መንዳት እንደሆነ በጣቱ ቆጠረ። ቆጥሮ ሲጨርስ፣ «ይሄማ ሁለተኛ የቤት ኪራይ ነው» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፊርማው አላነሳም።

ወንድሜ ሁለት ሳምንት አላናገረኝም። የዩኒቨርሲቲውን ሹራብ ቀድሞ ገዝቶ ነበር፤ አጣጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው። በመስከረም ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ገባ። ክፍያውን ፔል ግራንቱ ሸፈነለት፤ የሚያድረውም ቤት ነው። አሁን ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ነው፣ ወደ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር አመልክቷል። ታሪኩ በደስታ አለቀ እያልኳችሁ አይደለም። እንሻገራለን ብለው ገብተው እዚያው የሚቀሩ ብዙ ናቸው። ጓደኞቹ የዶርም ፎቶ ሲለጥፉ እሱ አውቶቡስ ይጠብቃል። ያጣው ነገር እውነተኛ ነው፤ «ምንም አላጣህም» ብዬው አላውቅም።

ሕጉም ተቀይሯል። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደሩ ወላጆች ፓረንት ፕላስ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ65 ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተደርጎለታል። ጥሩ ነው። ግን የኮሌጁ ዋጋ አልወረደም። የጎደለውን ለመሙላት ብዙ ሰው የግል አበዳሪ ዘንድ መሄዱ አይቀርም፤ እዚያ ደግሞ በእውነት ዋስ ይጠይቃሉ። «ኮሳይነር» የሚሉት እሱን ነው። ዋስነት ክብር ለሆነበት ማኅበረሰብ ይህ ቃል አደገኛ ነው።

አገር ቤት ያለው የአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግረው ሳቀ። የሱ ዕዳ ኮስት ሼሪንግ ነው። ከደመወዙ ይቆረጣል፣ ኦሪጅናል ዲግሪውን እስኪያወጣ ያማርረዋል። «ግን» አለኝ፣ «አባቴ የት ገባ?» ልዩነቱ እዚያ ጋ ነው። የሱ ዕዳ ከሱ ጋር ሥራ ይገባል፣ ከሱ ጋር ይወጣል። የኛ ግን ጡረታ ወደሚወጣው ሰው ሊዞር ነበር።

በዚህ ዓመት ደብዳቤ የምትተረጉሙ ካላችሁ፣ «ሽልማት» ከማለታችሁ በፊት መስመር በመስመር ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ ገንዘብ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? የማን ስም ነው ያለበት? ተከፍሎ ሲያልቅ የፈረመው ሰው ስንት ዓመቱ ይሆናል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ኮሌጁ ይመልስላችኋል። ሦስተኛውን ግን ማንም አይነግራችሁም፤ ወላጆቻችሁም አይጠይቁም። እናንተ ጠይቁላቸው።