ተፍኪ ላይ ባዶ መሬት የለም

ዛሬ ከቱሉ ቦሎ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተፍኪ ላይ ጎማ ፈነዳበት። ሁላችንም ወረድን። ሰፊ ሜዳ ፊታችን ተዘርግቷል፤ ታኅሣሥ ስለሆነ ውሃው እየሸሸ ነው፣ ሳሩ ግን ገና አረንጓዴ ነው። ክሬን የሚባሉት ወፎች እዚያው ናቸው። ግራጫ፣ አንገተ ረጅም፣ ሦስት አራት እየሆኑ በቀስታ እየተራመዱ ይለቅማሉ። ከጎኔ የቆሙ አንድ አባት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙትና "ይሄን የሚያህል ባዶ መሬት እስከ ዛሬ ሳይሸነሸን ቀረ?" አሉ። ከክፋት አልነበረም፤ ልጃቸው ቤት አጥቶ በኪራይ እንደሚንከራተት ቀጥለው ነገሩኝ። ሰውየውን አከበርኳቸው፤ መልስ አልሰጠኋቸውም። ግን ከሰበታ እስከ ቤቴ ድረስ ውስጤ ሲብላላ መጣ፤ እዚህ ልተንፍሰው።

ባዶ አይደለም አባቴ። ያ ሜዳ ዲሉ ሜዳ ነው። የአእዋፍ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ለወፎች እጅግ አስፈላጊ ናቸው ብለው ከመዘገቧቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ስሙም ከተፍኪ ጋር ተያይዞ ተጽፏል። በሳተላይት መከታተያ የታሰረባቸው ክሬኖች ከኢስቶኒያና ከሩሲያ ተነስተው ኢትዮጵያ ድረስ መምጣታቸው ተረጋግጧል። በረዶው ሲመጣባቸው ይነሳሉ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ እኛ ጋ ይደርሳሉ፣ በጋው ሲገፋ ይመለሳሉ። ጫጩቱ የመጀመሪያ ጉዞውን የሚያደርገው ከእናትና ከአባቱ ጋር ነው፤ የት እንደሚታረፍ፣ የት ውሃ እንዳለ እየተከተለ ይማራል። ዛሬ ሜዳው ላይ ሦስት ሆነው ሲሄዱ ያየኋቸው ቤተሰብ ናቸው ማለት ነው። አንድ ማረፊያ ሲጠፋ የሚጠፋው ሳርና ጭቃ ብቻ አይደለም፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የመንገድ ዕውቀት አብሮ ይጠፋል።

አያቴ የበቾ ሰው ነበረች፣ አፈሩ ይቅለላት። እኛ ልጆች ለእረፍት ስንሄድ ሥራችን ሽምብራ መጠበቅ ነበር። ወንጭፍ፣ ቆርቆሮ፣ ጩኸት፣ ሁሉም ነበረን። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ክሬኖቹ ፊት ቆሞ "ከዛሬ ጀምሮ ይሄን ማሳ የረገጠ ሁሉ ወዮለት!" ብሎ ይፎክር ነበር። ክሬኖቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩትና ይለቅማሉ። አንዳንዴ ጭራሽ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዘለሉ እስክስታ ይመቱለት ነበር፤ እሱም ፉከራውን ትቶ አብሯቸው ይዘላል። ሽምብራው ተበላ። አያቴ ከቤት ወጥታ "ተዉአቸው፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ጠግቦ ይሂድ" ትለን ነበር። በአያቴ ቤት የእነሱ መምጣት ጤፉ ሊደርስ መሆኑን የሚነግር ቀን መቁጠሪያም ነበር። ይህን ስል የገበሬውን ኪሳራ አቅልዬ አይደለም። ዘሩን የበሉበት ሰው ቢቆጣ እውነቱን ነው። ግን ያ ትውልድ ተቆጥቶም ቢሆን ሜዳውን ባዶ ብሎ አያውቅም። ላሙ የሚግጥበት፣ ለጣሪያ ክዳን ሳር የሚያጭድበት፣ ውሃ የሚቀዳበት ነበር። ጨፌውን በየቀኑ ይጠቀምበታል፣ ስለዚህ ያውቀዋል።

አሁን አንድ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ። ካልተናገርኩት አይለቀኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለችግኝ ተከላ ወደ ሱሉልታ አቅጣጫ ይዞን ወጣ። ቲሸርት ታደለ፣ ኮፍያ ታደለ፣ ፎቶ አንሺ መጣ። ያወረዱን ግን ውሃ የተኛበት ጨፌ ላይ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳያልቅ ውሃ ይሞላል። አንድ የአካባቢው ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ሲያዩን ቆይተው "ልጆቼ፣ ይሄ ቦታ ሳር ነው የሚያበቅለው፤ የጥድ ችግኝ እዚህ ይበሰብሳል። የሚበቅለው ባሕር ዛፍ ነው፣ እሱ ደግሞ ውሃውን ይጠጣዋል" አሉ። ወደ አስተባባሪው ሄጄ ነገርኩት። "ቦታው ተፈቅዷል፣ ትከሉ" አለኝ። ደግሜ ነገርኩት። "ቁጥሩ መሙላት አለበት" አለኝ። ተተከለ፣ ፎቶው ተነሳ፣ ክትፎ ተበላ፣ ተመለስን። ማንም ተመልሶ አላየውም። እኔ አይቼዋለሁ፤ ከችግኞቹ የተረፈው የፕላስቲክ ከረጢት ነው። ሽማግሌው ምናልባት እዚያው ሜዳ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ያገዱ ሰው ናቸው። የእሳቸውን አንድ ዓረፍተ ነገር መስማት ምን ያህል ያስከፍለን ነበር? እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ችግኝ መትከልን እየነቀፍኩ አይደለም፤ እባካችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትመጡብኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ሲታወጅ ከተደሰቱት አንዱ ነኝ። የተራቆተ ተራራ ሞልቶናል፣ ይተከልበት። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ተፈጥሮ መጠበቅ ሲባል ሁላችንም ዓይናችን ላይ የሚመጣው ዛፍ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? ዛፍ የሌለበትን ሁሉ ሊሸፈን የሚገባው ራቁት አድርገን የምናየውስ ለምንድን ነው? ሜዳውም፣ ጨፌውም፣ ጭቃውም በራሱ ሙሉ ነው። ዛፍ ብንተክልበት ሌላ ነገር ይሆናል፣ ክሬንም አያርፍበትም። ክሬን ከሩቅ የሚመጣ አደጋ የሚያይበት ግልጥ ሜዳ፣ ሌሊት የሚያድርበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ይፈልጋል።

ጎረቤቱን ተመልከቱ። ከሰበታ ራስጌ ወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክም ጥበቃ አደረጉለት። ዛሬም የጥድና የዝግባ ሽማግሌዎች ቆመውበታል፤ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፣ በምኒልክ ስም የተጠራው ድኩላም አለ። ደኑ ንጉሥ አለው፣ ታሪክ አለው፣ ጠባቂ አለው። አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ ቢገባ "ተው!" የሚል አይጠፋም። ከተራራው ሥር ያለው ሜዳ ግን ንጉሥ አልተከለውም። ክረምት በመጣ ቁጥር አዋሽ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ገረጋንቲ የጫነ መኪና ገብቶ ሲደፋበት "ተው!" የሚል ሰው የለም። እንዲያውም ልማት መጣ ይባላል።

የሚደፋውን ዛሬም አይቻለሁ። ከአስፋልቱ ዳር ጀምሮ እየገፋ ነው። ግልጽ የሆነልኝ ነገር አለ፤ እንዲህ ያለ ሜዳ በአንድ ትልቅ ፕሮጀክት አይሞትም። አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ቢመጣበት አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተፅዕኖው አስቀድሞ እንዲገመገም ያዛል፤ ቢያንስ አንድ ወረቀት ይጻፋል፣ አንድ ሰው ይፈርማል። የሚሞተው በካሬ በካሬ ነው። አንድ ጎጆ፣ አንድ መጋዘን፣ አንድ የብሎኬት ማምረቻ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምንም አይደለም። ማንም ደምሮ አያየውም።

ውሃው ግን ይደምራል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ እዚህ በቾ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይሰፋል፣ ይዘገያል። መሬቱ መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ ጠጥቶ ያብጣል፣ ከዚያ በላይ የመጣው ውሃ ላዩ ላይ ይተኛል፣ ይዞት የመጣውን ደለል ያራግፋል፣ ቀስ እያለ ይለቀቃል። ቦታውን ገረጋንቲ ሲይዘው ውሃው አይጠፋም፤ ጎረቤት ይገባል። የሰበታ ሀዋስና የኢሉ ገበሬ አዋሽ ሲሞላ ጎተራው ድረስ እንደሚመጣበት ያውቃል። እዚህ ያልተራገፈው ደለል ደግሞ ወርዶ ቆቃ ይገባል። ቆቃ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መብራት የሰጠን ግድብ ነው፤ በደለል መሞላቱ የቆየ ራስ ምታት ነው። ያ ሜዳ ለወፍ ብቻ ሳይሆን ለመብራታችንም በነፃ ሲሠራልን ኖሯል።

ሱሉልታን የሚያውቅ የምለውን ያውቃል። ክረምት ላይ ከአውቶቡስ መስኮት ውሃ ተኝቶበት የምናየው ሜዳ ዛሬ ስንት አጥር እንደበቀለበት እዩ። እንዲህ ያለው ሜዳ የክሬን ብቻ አይደለም፤ ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ የምትኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ቡራዩ ገፈርሳ ዳር ሄዳችሁ ብትታደሉ ታዩዋታላችሁ። የሌላ አገር ሰው እሷን ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል። እኛ ገፈርሳ አጠገብ ተወልደን ስሟን አልሰማንም።

ተስፋ የቆረጥኩ እንዳይመስላችሁ። ከሆለታ ወዲያ አድአ በርጋ የሆነውን እነግራችኋለሁ። በርጋ ጨፌ ውስጥ ክረምት ላይ የምትፈለፍል፣ ከሳሩ ሥር ተደብቃ የምትኖር ትንሽ ወፍ አለች፤ ክንፏ ላይ ነጭ አላት። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት ከ250 በታች እንደሆኑ ይገመታል። ከኢትዮጵያ ሌላ በብዛት የምትታወቀው በደቡብ አፍሪካ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በርጋ ላይ እንደምትፈለፍል ሲታወቅ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ሰዎች አጥር ይዘው አልሄዱም። ገበሬውን አነጋገሩ። ወፏ እንቁላል በምትጥልበት ወቅት ከብት ከዋናው ቦታ እንዲርቅ፣ ሳሩም ዘግይቶ እንዲታጨድ ከነዋሪው ጋር ተመከረ። የአካባቢው ሰው ራሱ የጥበቃ ቡድን አቋቋመ። የደቡብ አፍሪካ ወዳጆች ታክለውበት ለልጆቹ ትምህርት ቤት ተሠራ። ችግሩ ሁሉ አልተፈታም፤ ግጦሹም እርሻውም ዛሬም ይጫነዋል። ግን እዚያ ሰፈር አንድ ልጅ ጠይቁ፣ ስለ ወፏ ይነግራችኋል።

ተፍኪስ ለምን አይሆንም? ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት የሚደረስ ቦታ ነው። የሰበታ ተማሪ መጥቶ ከኢስቶኒያ የመጣ ወፍ በዓይኑ ማየት የሚችልበት ሜዳ ነው። ለዚያ አባት ልጅም ቤት ይሠራለት፣ ይገባዋል። ግን ውሃ የሚተኛበት ላይ አይሁን፤ ነሐሴ ሲመጣ አልጋው ሥር አዋሽን ያገኘዋል። ደልዳላ መሬት በሰበታ ዙሪያ አልጠፋም።

ከእናንተ መካከል ሸገር ከተማም ሆነ ወረዳ ላይ በመሬትና በፕላን ሥራ ላይ የተሰማራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ወዳጆቼ ናችሁ። ካርታው ላይ ያንን ሜዳ ምን ብላችሁ ነው ያቀለማችሁት? ክረምት ውሃው የሚደርስበትን መስመር አስምራችሁበታል? ካላሰመራችሁ ከመጪው ሐምሌ በፊት አስምሩ። የአካባቢው ሽማግሌዎች እጃችሁን ይዘው ያሳዩአችኋል፣ ጂፒኤስ እንኳ አያስፈልግም። እኔም አብሬ እመጣለሁ፣ ቦቲ ጫማ አለኝ። ውስጥ መስመር ጻፉልኝ።